አፍንጫዬን ሁለት ጊዜ ተበሳሁ

ጆሮዬ የተበሳው ሰማንያ ቀን ሞልቶኝ ክርስትና ከተነሣሁ በኋላ እንደሆነ እናቴ ትነግረኛለች። የበሳችኝ የሰፈር ሴት ነበረች፤ መርፌውን በክብሪት እሳት ለብልባ፣ ክሩን ቅቤ አስነክታ፣ የጆሮዬን ጫፍ በጣቶቿ መካከል አሽታ አሽታ ካደነዘዘችው በኋላ ወግታ ክሩን ቋጠረችው። ክሩ በየቀኑ ወዲያና ወዲህ እየተሳበ ሰነበተ፤ ቁስሉ ሲደርቅ በክሩ ፋንታ ቀጭን የስንደዶ ቁራጭ ገባበት፤ ሎቲው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላስታውስም። በ28 ዓመቴ አፍንጫዬን ለመበሳት ስነሣ ነገሩን ያቀለልሁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ መበሳት ለእኔ አንድ ጊዜ አልቅሼ የረሳሁት ጉዳይ ነበር።

ልዩነቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የጆሮ ጫፍ ሥጋና ስብ ብቻ ስለሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። አፍንጫ ግን ልስልስ አጥንት ያለበት፣ በውጭ በኩል ለአቧራ በውስጥ በኩል ለንፍጥ የተጋለጠ ቦታ በመሆኑ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ የላይኛውን የጆሮ ክፍል ወይም እምብርቱን የሚበሳ ሰው ደግሞ እስከ 1 ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች አስቀድሜ ባውቃቸው ኖሮ ቀኑን እንደዚያ አልመርጥም ነበር።

ቀኑ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሚዜ ነበርሁ፤ በፎቶው ላይ አንዲት ነጭ ፍሬ አፍንጫዬ ላይ ብልጭ እንድትል ፈለግሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ ነው። የሰፈሩ ስም በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን በበጋ ወራት ኮረብታው ተነሥቶ ቤት ለቤት የሚዞር ይመስላል፤ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከቀትር በኋላ በጣት ይጻፍበታል። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ቁስልን ለወራት በንጽሕና መያዝ ለሚጠበቅበት ሰው ጥር ወር በእኛ ሰፈር የመጨረሻው መጥፎ ጊዜ መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ።

የሄድሁት ሹሩባ ወደምሠራበት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ወዳለ የውበት ሳሎን ነው። የሠራችልኝን ልጅ ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ፤ የጠየቅኋት ነገር ቢኖር ዋጋውንና ያማል አያምም የሚለውን ብቻ ነበር። «የኔ ቆንጆ፣ ቁንጫ እንደ ነከሰሽ ቁጠሪው» አለችኝ። «ማሽን» የምትለው መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ዋጋ ከሚለጥፉበት ጋር የሚመሳሰል የፕላስቲክ ሽጉጥ ነው። አፉ ላይ ጌጡ ራሱ ይጎረሳል፤ ቃታው ሲሳብ ስፕሪንጉ ጌጡን በኃይል ገፍቶ በሥጋው ውስጥ ያሳልፈዋል። የጌጡ ጫፍ እንደ መርፌ የተሳለ ስላልሆነ ቀዳዳውን የሚከፍተው በመቁረጥ ሳይሆን በመጨፍለቅ ነው። መሣሪያው ፕላስቲክ በመሆኑ ደግሞ የሕክምና ዕቃ በታመቀ እንፋሎት በሚቀቀልበት ኦቶክሌቭ ውስጥ ቢገባ ስለሚበላሽ፣ በአልኮል ከመወልወል ያለፈ ማጽጃ የለውም፤ ከእኔ በፊት የተበሳው ሰው ደም በስፕሪንጉ ጥግ ቢቀር የሚያይ ዓይን አልነበረም። ቃታው ሲሳብ የሰማሁት ድምፅ ከሕመሙ ይልቅ አስደነገጠኝ፤ አፍንጫ ላይ የሚተኮስ ነገር የሚሰማው ራስ ቅል ውስጥ ነው።

ጌጡ በውስጥ በኩል የታሰረው ከጆሮ ጉትቻ ላይ በምናውቃት ቢራቢሮ መሰል መቆለፊያ ነበር። ያቺ መቆለፊያ ጥቅልል ስለሆነች ንፍጡም፣ ደሙም፣ አቧራውም በእጥፋቷ ውስጥ ይከማቻል፤ ከአፍንጫው ግድግዳ ጋርም ጥብቅ ስለምትል ለእብጠት ቦታ አትተውም። አዲስ የተበሳ ሥጋ ደግሞ ማበጡ አይቀርም። ዘንጉ አጭር ከሆነ ያበጠው ሥጋ መሄጃ ስለሌለው ጌጡን መዋጥ ይጀምራል።

እማዬ ያየችኝ እራት ስናቀርብ ነው። ጭልፋውን አስቀምጣ ለአፍታ ከተመለከተችኝ በኋላ «እኔ ያሳደግሁት ልጅ እንጂ ግመል አይደለም» አለች። ለርብቃም እኮ የአብርሃም ሎሌ የአፍንጫ ቀለበት አድርጎላታል አልኋት፤ ኦሪት ዘፍጥረት 24ን ከእኔ በተሻለ የምታውቀው እናቴ ግን «ለርብቃ ባል ተገኝቶላት ነው፤ ላንቺስ?» ብላ ዘጋችኝ። ነገሩ አሁን ያስቃል፤ ያኔ ግን ጉዳት ነበረው። ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ክርክር ከመበሳት በፊት ቢያልቅ ይሻላል የምለው፣ አፍንጫዬ ማበጥ ሲጀምር ለእርሷ ለመንገር አፍሬ ሁለት ቀን ስላባከንሁ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዙሪያው ቀላ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በአምስተኛው ቀን ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ልቤ አፍንጫዬ ውስጥ የሚመታ ይመስል ነበር። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሜካፕ የምትሠራልን ልጅ መቅላቱን ለመሸፈን ፋውንዴሽኑን በስፖንጅ ደፈነችበት፤ ያ ስፖንጅ ከእኔ በፊት የሦስት ሚዜዎችን ፊት ነክቷል። ከዚያ ሰላምታው መጣ። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስትና አራት ጊዜ በሚሳሳም ሰው መካከል በአዲስ ቁስል መቆም ምን እንደሚመስል ያወቅሁት በዚያች ቀን ነው። አንድ የሙሽራው አጎት መነጽራቸውን ሳያወልቁ ስመውኝ የመነጽሩ ጠርዝ ጌጡን ሲመታው ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እርሳቸውም የደስታ እንባ መስሏቸው ደግመው ሳሙኝ።

ከሰርጉ በኋላ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ጎረቤታችን ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጬ እንድቀባ መከሩኝ፤ ሌላዋ የቡና ዱቄት ነስንሺበት አለችኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ከጉሮሮ ሕመሟ የተረፈ ግማሽ ፓኬት አሞክሲሲሊን ይዛልኝ መጣች። የወሰድሁት የመጨረሻውን ነው፤ ዘመናዊ ስለመሰለኝ። ጥር 21 ጠዋት በመስታወት ሳይ ነጯ ድንጋይ ግማሿ ቆዳዬ ውስጥ ገብታ ነበር።

በጤና ጣቢያው የተቀበለችኝ ነርስ መጀመሪያ ያለችኝ «እህቴ፣ ምነው እስከ ዛሬ ቆየሽ?» የሚል ነበር። እኔም «ሲስተር፣ ይድናል ብዬ ነው» አልኋት፤ እርሷም ይህን መልስ በየቀኑ እንደምትሰማ ፊቷ ላይ አየሁ። አደንዝዛ በፒንሴት ስታወጣልኝ የወጣው መግል አረንጓዴ ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አመረቀዘ ብሎ ጌጡን በገዛ እጁ ያወጣዋል፤ ጌጡ ሲወጣ የላዩ ቆዳ ቶሎ ስለሚገጥም መግሉ ውስጥ ሊታሰር ይችላል። የእኔ የወጣው በሥጋ ስለተዋጠ ነው፤ ያወጣውም ባለሙያ ነው። በተረፈ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን መወሰን ያለበት ቁስሉን ያየ የሕክምና ሰው ነው።

ስለ አሞክሲሲሊኑ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ስታፊሎኮከስ ኦርየስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሦስት ሰው በአንዱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ያለ ምንም ጉዳት ይኖራል፤ ቁስል ሲያገኝ ግን ይገባበታል፤ አብዛኛው ዝርያው ደግሞ አሞክሲሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ስላለው መድኃኒቱ ምንም አያደርገውም። እኔ ያንን ክኒን እየዋጥሁ የጠበቅኋቸው ቀናት በከንቱ ያለፉ ናቸው። ያዘዙልኝ ሌላ መድኃኒት ነው፤ ስሙን የማልጽፈው አንባቢም እንደ ባልደረባዬ እንዳያደርግ ብዬ ነው። ሌላው ያስጠነቀቀችኝ ነገር መግሉን ለማፍረጥ እንዳልጨምቀው ነው፤ ከአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር አካባቢ ደም የሚመልሱት ሥሮች ከአንጎል ሥር ካሉት ጋር ስለሚገናኙ፣ በዚያ አካባቢ የተጨመቀ ኢንፌክሽን ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ወደ ዓይን የሚሄድ እብጠት ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው አለችኝ።

ቁስሉ በሁለት ሳምንት ገጠመ። ሰው ሁሉ ነገሩ አበቃ ብሎ አስቦ ነበር፤ እማዬ እንዲያውም ስለት ገብታ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ያልተሳካው መበሳቱ ሳይሆን አበሳሱ እንደሆነ ስለገባኝ ጊዜ ወስጄ እንደገና ለመሞከር ወሰንሁ፤ በዚህኛው ዙር ከመሄዴ በፊት ያጣራኋቸው ነገሮች ከመበሳቱ ራሱ የበለጠ ጊዜ ወስደዋል።

የመጀመሪያው ኬሎይድ ነው። አንዷ አክስቴ በልጅነቷ በተበሳችው ጆሮዋ ጀርባ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠንካራ እብጠት አላት፤ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ኬሎይድ ጠባሳ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ማደግ ሲጀምር የሚፈጠር ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በዘር ይወርዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል። ስለዚህ ነርሷ የመከረችኝን አደረግሁ፤ ክንዴ ላይ ያለውን የቢሲጂ ክትባት ጠባሳ፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን የልጅነት ቁስል ምልክትና እጄን ዘይት ያቃጠለኝን ቦታ አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስሁ። ሁሉም ጠፍጣፋ ነበሩ። ይህ ዋስትና እንዳልሆነ ነግራኛለች፤ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ አብጦ የጠነከረ ቢሆን ኖሮ ግን አልበሳም ነበር፤ ጆሮ በፀጉር ይሸፈናል፣ አፍንጫ በምን ይሸፈናል?

ሁለተኛው የጉበት ቫይረስ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድነው በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያ ፕላስቲክ ሽጉጥ ትዝ ሲለኝ ላብ ያጠመቀኝ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ነው። ተመርምሬ ነፃ መሆኔን ካረጋገጥሁ በኋላ ክትባቱን በየካቲት ጀመርሁ፤ ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቴንም በዚያው አሳየሁ።

ሦስተኛው የሚበሳው ሰው ነው። ስልክ ደውዬ ሦስት ቦታ ጠየቅሁ። አንዱ «በማሽን ነው፣ ምንም አትፈሪ» ሲለኝ አመስግኜ ዘጋሁ። ሌላዋ መርፌ እንደምትጠቀም ነገረችኝ፤ ዕቃው በምን እንደሚቀቀል ስጠይቅ ግን «በፈላ ውሃ» አለችኝ። ሦስተኛው፣ ወደ ቦሌ በኩል የሚሠራ ወጣት፣ ገና ሳልጨርስ «መጥተሽ እይው» አለኝ። ሄጄ ያየሁት ኦቶክሌቩን፣ ዕቃው የሚታሸግበትን ወረቀትና በወረቀቱ ላይ እንፋሎቱ በቂ ሙቀት ላይ ሲደርስ ቀለሟ የሚቀየረውን ምልክት ነው። ያገለገለ መርፌ የሚጥልበት፣ በጤና ጣቢያ የምናውቀው ቢጫ ሴፍቲ ቦክስም በጥጉ ነበር። ዋጋው ከሳሎኑ በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ እኔ ግን ለመድኃኒትና ለመመላለሻ ያወጣሁትን ደምሬ ስለነበር አልተከራከርሁም። የኬሎይድ ታሪክ በቤተሰቤ እንዳለ ስነግረው የዚያኑ ዕለት አልበሳኝም፤ ሄደሽ አስቢበት ብሎ ሰደደኝ። እኔ ያመንሁት በዚያች ሰዓት ነው።

የሄድሁት ፋሲካ አልፎ፣ ዳግማ ትንሣኤም ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት 10 ቀን ቅዳሜ ነው። የበዓሉ ሰላምታ እስኪያልፍ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ቁርስ በልቼ እንድመጣ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ በባዶ ሆድ የሚመጡ ሰዎች ራሳቸውን ስለሚስቱበት ነው። ፊቴን አጽድቶ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነጥብ አደረገ፤ መስታወት ሰጥቶኝ አልተመቸኝም ስለው ሳያጉረመርም አጥፍቶ ትንሽ ከፍ አደረገው፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ጠባሳ ከነጥቡ በታች ነበር። ከዚያ አጋደመኝ፣ ጓንቱን ቀየረ፣ መርፌውን ዓይኔ እያየ ከነማሸጊያው ቀደደው። መርፌው ክፍት ቱቦ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ጫፉ ሥጋውን በስለት ቆርጦ ያልፋል። «ትንፋሽ ሳቢ፣ አሁን አውጪ» አለኝ፤ ሳወጣ አለፈ። ከግራ ዓይኔ ብቻ እንባ ወረደ፣ የተበሳው ግራው ስለሆነ፤ ይህ የአፍንጫ ነርቭ ሲነካ ራሱ የሚያደርገው እንጂ ማልቀስ አይደለም። ከመርፌው ይልቅ የተሰማኝ ጌጡ መርፌውን ተከትሎ ሲገባ ያለው መጎተት ነው። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም።

ጌጡ ከሳሎኑ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ዘንጉ 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ወጣ ብሎ ያስቃል፤ ለእብጠቱ የተተወ ቦታ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ቢራቢሮ ሳይሆን ጠፍጣፋ ለስላሳ ሳህን ነው። ብረቱ ለሰውነት ተከላ የሚውለው ቲታኒየም፣ ማለትም ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ-136 የሚባለው ደረጃ ሲሆን ኒኬል የለውም። የሰዓት ማሰሪያ ወይም የቀበቶ ዘለበት ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ይህን አጥብቆ ይጠይቅ፤ የሚያሳክከው አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል ነው፤ በየገበያው የሚሸጠው ወርቅ ቅብ ጌጥም ቅቡ ሲላጥ ከሥሩ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እርሱው ነው።

እንክብካቤው ከምትገምቱት በታች ነው፤ ብዙዎቻችን የምንበድለው በመብዛት ነው። ጠዋትና ማታ እጄን በሳሙና ታጥቤ ከፋርማሲ የገዛሁትን ኖርማል ሳላይን በጎዝ እያረጠብሁ ቁስሉ ላይ አኖረው ነበር፤ ደረቁ ቅርፊት ሲለሰልስ ራሱ ይለቃል፣ ካልለቀቀ ተዉት። ከዚያ በሶፍት ማድረቅ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ፎጣ አይነካውም። ኖርማል ሳላይን በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው ያለው ስለሆነ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ይቀራረባል። አንድ ሰሞን አልቆብኝ ቤት ውስጥ ጨውና ውሃ አፍልቼ ሠራሁ፤ በእጄ የዘገንሁት ጨው ከመጠን በላይ ስለነበር ቆዳው ተሰነጣጠቀ። የተከፈተ ዕቃ ማግሥቱን እንደማይጠቀሙበት ፋርማሲስቷ ስለነገረችኝ ትንንሹን መግዛት ያዋጣል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላሉ፤ ቴትራሳይክሊን ቅባትም እንደ ቫዝሊን ስለሚደፍነው ያለ ትእዛዝ አይቀባም። እናቶቻችን ክሩን እየሳቡ ያደርቁት እንደነበር ባውቅም ጌጡን ማዞር አያስፈልግም፤ ያዞራችሁ ጊዜ ሁሉ የገጠመው እንደገና ይቀደዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወጣው ነጣ ያለ ወይም ገረጣ ቢጫ ፈሳሽ መግል አይደለም፤ መግል ወፍራም ነው፣ ይሸታል፣ ዙሪያውም ይግላል።

የሰፈራችን አቧራ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ቃሊቲ በሚወስደው ታክሲ መስኮት አጠገብ መቀመጥ አቆምሁ፤ ለኮሮና ጊዜ የገዛነውን የፊት ጭንብል ከመሳቢያ አውጥቼ በየቀኑ አዲስ እያደረግሁ ሄድሁ፤ ውሃ ለማይመጣባቸው ቀናት አስቀድሜ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ለፊቴ ለየሁ። የትራስ ልብሴን በሁለት ቀን አንዴ ቀየርሁ። ሰላምታውን ግን በምን ላስቀር? መጀመሪያ እጄን ዘረጋሁ፤ ኮራች ተባልሁ። በመጨረሻ የደረስሁበት መላ ቀኝ ጉንጬን ብቻ ሰጥቶ ወዲያው ትከሻ ለትከሻ ማድረግ ነው፤ ትከሻ ማንንም አያስቀይምም።

ያልጠበቅሁት ጠላት ነጠላ ነው። በሰኔ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን ስገልጥ የጥለቱ ክር ጌጡን ያዘው። አልወለቀም፤ በማግሥቱ ግን ከጌጡ አጠገብ የሽምብራ ግማሽ የምታህል ቀይ እብጠት ወጣች። ኬሎይድ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የበሳኝ ልጅ በስልክ ፎቶ ልኬለት ሲያይ፣ ኬሎይድ በአንድ ሌሊት እንደማይወጣ፣ ወራት ወስዶ ቀስ እያለ ጠንክሮ ከቁስሉ አልፎ እንደሚያድግ፣ ይህ ግን ቁስሉ ስለተቆጣ የመጣ እንደሆነ ነገረኝ። ሳልነካት፣ ሳላይኑን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ስጠብቅ በአምስተኛው ሳምንት ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ነጠላዬን የምገልጠው ከኋላ ወደ ፊት እየሰበሰብሁ ነው።

በሐምሌ መጨረሻ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ስለወረደ ሄጄ ዘንጉን በ6 ሚሊ ሜትር አስቀየርሁ። ይህን ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ረጅሙ ዘንግ ግን ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ቀዳዳውን ያጣምመዋል። በመሥሪያ ቤቴ በኩል ያለው ነገር አጭር ነው፤ አለቃዬን አስቀድሜ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ጌጥ የማይፈቀድበት ቦታ የሚሠራ ሰው «ሥራ ላይ እያወጣሁ ማታ እመልሰዋለሁ» ብሎ አያስብ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ ይጠባል፤ ወይ ረጅም ዕረፍት ይጠብቅ፣ ወይም ከመጀመሪያው ጆሮውን ይምረጥ።

ኅዳር ላይ ስድስት ወር ሞላኝ። በዚያ ሰሞን እማዬ ምንም ሳትነግረኝ ከሣጥኗ አንድ እግሯ የተሰበረ አሮጌ የጆሮ ጉትቻዋን አውጥታ ለወርቅ ሠሪ ሰጥታ ኖሯል፤ አንድ ማታ በጥጥ የተጠቀለለ የምስር ፍሬ የምታህል የአፍንጫ ጌጥ እጄ ላይ አኖረችልኝ። 21 ካራት ነው። ይዤው ሄጄ የበሳኝ ልጅ በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየው፤ ወርቁ ጥሩ ነው፣ ዘንጉ የተበየደበት ቦታ ግን ሻካራ ስለሆነ በወጣና በገባ ቁጥር ቀዳዳውን ይፍቀዋል አለኝ። ዘንጉ ተሞርዶና ተወልውሎ እንዲመለስ፣ እስከ ግንቦትም እንድታገሥ ነገረኝ። ለእማዬ ስነግራት «ሠሪው የኔ ዘመን ሰው ነው፤ እንዴት ሻካራ ይሠራል?» ብላ ተቆጣች፤ በማግሥቱ ግን ጌጡን ከነጥጡ ይዛ ራሷ ልታስሞርደው ሄደች።